የማራገቢያው የዜሮ ቁልፍ

መልእክቱ ሲደርሰኝ አንሶላ እያጠፍኩ ነበር። የምሠራው ከአገሬ እጅግ በራቀ ብርዳም ከተማ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ስልኬ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አውጥቼ ሳየው ከወንድሜ ጋር በሠርግ የሚዘፍነው ድምፃዊ የላከው የድምፅ መልእክት ነው። እሱ ቀልድ እንጂ ሌላ ነገር ልኮልኝ ስለማያውቅ ገና ሳልከፍተው ፈገግ ብዬ ነበር።

«እትዬ፣ እንደምን አለሽ። እኛ ደኅና ነን። ወንድምሽ ትንሽ አሞት ነበር» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «ትንሽ ነው ያመመው። ብቻ እናትሽጋ ደውይና አጽናኛት።»

ልጇ ትንሽ ለታመመባት እናት «አይዞሽ በያት» ይባላል እንጂ «አጽናኛት» አይባልም። ሰውየውም ይህን ያውቃል፤ ሌላ ቃል ጠፍቶት ነው። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ማልዶ በር ይንኳኳል። የሚነገረው ሰው በሩን ሲከፍት የቆመውን ሕዝብ አይቶ ይረዳዋል፤ መናገርም አያስፈልግም። እኔ ባለሁበት ከተማ በሬን የሚያንኳኳልኝ ወገን የለኝም። ስለዚህ መልእክቱን ደግሜ ሰማሁትና ራሴን ራሴ አረዳሁ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አልኩ፣ ለአንሶላዎቹ። አብራኝ የምታጥፈው ሴት የነገርኳት መስሏት «ምን አልሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ምንም» አልኳት። የያዝኳትን አንሶላ ጠርዝ ከጠርዝ አግጥሜ አጠፍኳት፤ ከዚያ ተቀመጥኩ።

ስለ ሞቱ የማውቀው ጥቂት ነው። ጊታር ሲጫወት በእግሩ ስለሚረግጠው ሳጥን ግን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ግማሹን የሠራሁት እኔ ነኝ። የምጽፈውም ስለ ሳጥኑ ነው፤ የምፈልገው መልስ ያለው እሱ ላይ ስለሆነ።

ሐይቅ ከተማ አስፋልቱ ዳር፣ ከቤታችን ግቢ ጋር የተያያዘች አንዲት ጠባብ የሞባይል ጥገና ሱቅ ነበረችኝ። ቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሮኒክስ ስማር በክፍሉ ውስጥ ሴቶች ጥቂት ነበርን፤ ሱቅ የከፈትኩት ደግሞ እኔ ብቻ። መጀመሪያ ላይ ሰዎች ገብተው ከመስታወቱ ጀርባ ሂጃብ ለብሼ ሲያዩኝ «ሠራተኛው የለም?» ይሉኝ ነበር። «ሠራተኛው ይኸው» እላለሁ። እየቆየ ለመዱኝ። እጄ አይንቀጠቀጥም፤ አንድ ነገር ሳልፈትሽ አልዘጋም። ወንድሜ በዚህ ይስቅብኝ ነበር። «እታለም ሻይ ስታፈላ እንኳ ውሃውን ከፍታ ታየዋለች» ይለኛል።

እሱ ታናሼ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ዜማ ያለበት ቦታ ሁሉ ይገኛል፤ መውሊድ ላይ ድቤ ከሚመቱት ጎን ተቀምጦ ነበር ጣቱን ያፍታታው። ጊታር የያዘው በኋላ ነው። ሊድ ጊታር ተጫዋች ሆኖ ከባንድ ጋር ከሠርግ ሠርግ ሲዞር፣ እኔ ነገሩን አልወደድኩትም። ዘፈን ቤታችን እንዲገባ አልፈልግም ነበር። ግን ወንድሜ ነው፤ ልብሱን አጥባለሁ፣ ሲመሽ በር እከፍትለታለሁ፣ ከሱብሒ በኋላ ዱዓ ሳደርግ ስሙን ከእናቴ ስም ቀጥሎ እጠራለሁ።

ችግሩን ያመጣው ፔዳል ነው። ፔዳል የሚባሉት በእግር የሚረገጡ ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው። የጊታሩ ድምፅ በሽቦ ገብቶ በእነሱ ሲያልፍ መልኩ ይለወጣል። አንዱ ያስተጋባዋል፣ አንዱ ያሻክረዋል፣ አንዱ እንደሚያለቅስ ሕፃን ያወላግደዋል። ወንድሜ አምባሰል ሲጫወት የሚያስተጋባውን ከሌላ ጋር አጣምሮ ይፈልጋል። ባቲ ሲሆን እነዚያን አጥፍቶ ሌሎቹን ማብራት አለበት። ለጭፈራ ደግሞ ሌላ። ዘፋኙ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሳይነግረው ሲሻገር፣ እሱ ከእግሩ ሥር ከተደረደሩት ሳጥኖች አንዱን እየረገጠ አንዱን እየሳተ ይደናበር ነበር። ድምፃዊው በማይክ ሰው ፊት ያበሽቀዋል።

«ጌታው! ጭቃ እያቦካህ ነው እንዴ? ቤት ልትሠራ ነው?»

ሰው ይስቃል። ወንድሜም አብሮ ይስቃል። ቤት ሲመጣ ግን አይስቅም። በአንድ ርግጫ ሁሉንም የሚያስተካክል ሳጥን በገንዘብ እንደሚገኝ ያውቃል፤ ዋጋውን ከሰማ በኋላ ግን ደግሞ አላነሳውም።

አንድ ቀን ወንድሜ፣ አንድ የባቲ ነጋዴ ለጥገና አምጥቶ የተወውን የቁም ማራገቢያ ታቅፎ ወደ ሱቄ ጓዳ ገባ። ሞተሩ ተቃጥሏል። የእግሩ መቀመጫ ላይ ያሉት ቁልፎች ግን ደኅና ነበሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እና ዜሮ። አንዱን ተጫነ። ሁለተኛውን ሲጫን የመጀመሪያው ጠቅ ብሎ ወጣ።

«አየሽው እታለም? አዲሲቱን ሲያገባ አሮጊቷን ይፈታል። ሁለት አያኖርም።»

«ማራገቢያ ከሰው ተሻለ» አልኩት።

«ይሄን ነገር ከፔዳሎቼ ጋር ብናጋባውስ? አንዱን ስረግጥ የአምባሰሉ መንገድ ይከፈት፤ ሌላውን ስረግጥ እሱ ተዘግቶ የባቲው ይከፈት። ከባቲ የመጣ ማራገቢያ ባቲን ሊያጣት አይችልም። እጅሽን አውሺኝ።»

«እጄን ለዘፈን?»

«ለሽቦ ነው ያልኩሽ። ሽቦ አይዘፍንም።»

«ሽቦ አይዘፍንም፤ አንተ ግን ትዘፍንበታለህ።»

«እኔ መች ዘፍኜ አውቃለሁ? ድምፄን እኮ ታውቂዋለሽ፤ ከብት ይደነብራል።»

እናታችን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። «እናንተ ልጆች» አለች ቀና ሳትል፤ «የምትጣሉ ከሆነ ውጡልኝ፤ የምትሠሩ ከሆነ መብራት ሳይሄድ ሥሩ።»

እኔ አሰብኩ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ከቤታችን ብዙ በማይርቅ ዳስ ውስጥ ሲጫወት ሰምቼዋለሁ። ሙአዚኑ አዛን ሲጀምር ባንዱ አቋረጠ፤ ማቋረጥስ ልማዳቸው ነው። ወንድሜም እጁን አንስቷል። ያ የሚያስተጋባው ፔዳል ግን አላቆመም፤ የመጨረሻዋን ድምፅ ከአዛኑ ሥር እየደጋገመ ያንጎራጉር ነበር። እኔ ውዱእ እያደረግሁ ሰማሁት፤ ውሃው በክንዴ ላይ እየወረደ አፈርኩ።

«አንድ ነገር ካደረግህልኝ እሠራለሁ» አልኩት። «ሁሉንም ጸጥ የሚያደርግ ቁልፍ ይኑረው። አዛን ሲል እሱን ትረግጣለህ። ማሚቶ የለ፣ እምም ማለት የለ፣ ጸጥ።»

«ዝም ለማለት ቁልፍ ምን ያደርጋል?»

«ያኔ እጅህን አነሳህ። ዝም አልክ?»

አስታወሰ። ራሱን አከከ። ከዚያ በጣቱ ዜሮን ተጫናት፤ ገብቶ የነበረው ቁልፍ ብቅ ብሎ ወጣ። «ይኸውልሽ» አለኝ፤ «ያንቺዋ ቁልፍ ድሮውንም አለች።»

ሥራው ያሰብነውን ያህል ቀላል አልነበረም። ሳጥኑን ከተበላሸ የዲሽ ሪሲቨር ቆርቆሮ አደረግነው። በመብራት መዋዠቅ የተቃጠሉ ስታቢላይዘሮች ሱቄ ውስጥ ሞልተው ነበር፤ ከሆዳቸው ሪሌዎቹን ፈታሁ። ሪሌ ማለት ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ጠቅ ብሎ መንገድ የሚከፍት ትንሽ በር ነው። ለአምባሰሉ መንገድ፣ ለባቲው መንገድ፣ ለጭፈራው መንገድ በር በር ሰጠናቸው፤ በሮቹን የሚያዙት የማራገቢያው ቁልፎች ሆኑ። ዜሮ ስትረገጥ በሮቹ ሁሉ ይዘጋሉ፤ ከጊታሩም ከፔዳሉም ወደ ሞንታርቦው የሚያልፍ ነገር አይኖርም። ሁሉም በር ሲዘጋ የምትበራ አንዲት ቀይ መብራት ከአሮጌ ቻርጀር አውጥቼ ገጠምኩ። ቁልፎቹ ለጣት እንጂ ለእግር የተሠሩ ስላልሆኑ፣ ወንድሜ በላያቸው ከወይራ እንጨት መርገጫ ጠረበላቸው።

መጀመሪያ የሞከርነው ዕለት መርገጫውን በረገጠ ቁጥር ከሞንታርቦው ጧ! የሚል ወጣ። እናቴ ከውስጥ «በአላህ! ደግሞ ምን መጣ?» ብላ ጮኸች። ጎረቤት አጥር ላይ ተንጠለጠለ። ወንድሜ ተስፋ ቆረጠ፤ ሳጥኑን በእግሩ ገፋ አድርጎ ወጣ። እኔ ተቀመጥኩበት። በሩ ተዘግቶ ሳለ ፔዳሉ ውስጥ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ አለ፤ በሩ ድንገት ሲከፈት እንደ ተገደበ ውሃ ይደረመሳል። አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ የአያቴ ማሳ ላይ ውሃ ሲገደብ ጎኑ ላይ ቀጭን ቦይ ይተዉለት ነበር፤ ሞልቶ ግድቡን እንዳያፈርሰው። እኔም ለየመንገዱ ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣች ትንሽ ሬዚስተር አበጅቼ፣ የተጠራቀመው ቀስ እያለ ወደ መሬት እንዲፈስ አደረግሁ። ሲመለስ «ርገጠው» አልኩት። ረገጠው። ጠቅ አለ እንጂ ጧ አላለም። ደጋግሞ ረገጠው። ከዚያ ራሴን ሳመኝ፤ ሂጃቤ የሽቦ መበየጃው ሶልደር ሸተተው።

ሳጥኑ መጀመሪያ የወጣበት ሠርግ ላይ ግን አሳፈረን። ሙሽራይቱ ስትገባ ወንድሜ ደስ ብሎት ሲወዛወዝ በተረከዙ ዜሮን ነካት። ጊታሩ ድርግም አለ። ድምፃዊው ማይኩን ይዞ «ጎበዝ፣ የሙሽራችን መግቢያ ለቅሶ መሰለህ እንዴ?» አለ። በማግሥቱ የማራገቢያውን የፊት ወንፊት ሽቦ ቆርጬ፣ እንደ ግማሽ ቀለበት አጉብጬ፣ በዜሮዋ መርገጫ ዙሪያ በብሎን አሰርኩት። ተረከዝ አይገባበትም፤ የጫማ ጫፍ ብቻ፣ ያውም ቀና ብሎ ሲገባ ነው የሚያልፈው።

«አሁን ሳትፈልግ አትረግጠውም» አልኩት።

እግሩን አስገብቶ ሞከረና ሳቀ። «በቃ የኒያ ቁልፍ አደረግሽው። ካልነየቱ አይሠራም።»

ኒያ በልብ ቆርጦ ማሰብ ነው፤ ያቺን ቃል ያኔ ለቀልድ ነው ያላት። አሁን የምይዛት እኔ ነኝ።

ቀይዋን መብራት ረዘም ባለ ሽቦ አውጥቶ ሞንታርቦው ላይ አስቀመጣት፤ ዘፋኙና ከበሮ መቺው እንዲያዩአት ብሎ ነበር። ሰውም አያት። አዛን ሲል ቀይዋ ትበራለች፤ ሁሉም ዝም ይላል። አንድ ጊዜ በአንድ የክርስቲያን ሠርግ ላይ በመንገዱ ቃሬዛ ሲያልፍ ረገጣት፤ ዳሱ በሙሉ ብድግ አለ። ከዚያ ወዲህ ለአዛን ብቻ አልሆነችም። ቀብር ሲያልፍ፣ ታቦት ሲያልፍ፣ ጎረቤት ኀዘንተኛ ሲገባ ቀይዋ ትበራ ነበር። እልል ልትል ያለች ሴት አፏን በነጠላዋ ትይዛለች። የሚያወራም ያቆማል። እሱ በዚያ ጊዜ ሞንታርቦው ጠርዝ ላይ ይቀመጥና ጊታሩን ታቅፎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። ሽማግሌዎች ወደዱት። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጁን ሲድር «ያን ባለ ቀይ መብራቱን ጥሩልን» ይል ጀመር። እኔ ሠርጎቹ ላይ አልሄድም ነበር፤ ይህን ስሰማ ግን ውስጤ ደስ ይለው ነበር።

ጦርነቱ በእኛ በኩል ሲያልፍ ሱቄ ተዘረፈ። ስልኮቹ፣ መሣሪያዎቹ፣ የሰው አደራ ሁሉ ሄደ። ሳጥኑን ማንም አልነካውም። የዲሽ ቆርቆሮ ላይ የማራገቢያ ቁልፍ፣ በላዩ እንጨት፤ ማን ይወስደዋል? ወንድሜ ከፍርስራሹ መሐል አንስቶ አቧራውን በእጅጌው ጠረገውና «ውበት ጠላት ነው፤ አየሽ?» አለኝ። የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ እኔ ወጣሁ። የመጣሁበትን መንገድ አልተርከውም። ስሰናበተው ሳጥኑን ከፍቼ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩለት። የቀለበቷንም ብሎኖች አጠበቅሁ።

አንዳንዴ በስልክ ስናወራ ደረቱን ይዞት እንደነበር ይነግረኝ ነበር። «ጨጓራዬ ነው» ይላል። «ታይተሃል?» ስለው «ጨጓራ ለማየት ሐኪም ምን ያደርጋል፤ በርበሬ መተው ነው» ይለኛል። በእኛ አገር ደረት የያዘው ሁሉ ጨጓራ ነው።

የሆነውን ድምፃዊው በኋላ በዝርዝር ነገረኝ። ሠርጉ አምባሰል ውስጥ፣ ወደ ግሸን በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ ከተራራው ሥር ነበር። ባለሠርጎቹ ክርስቲያኖች ናቸው፤ እንግዳው ድብልቅ ነው።

«ሰው በልቶ ጠጥቶ፣ ፀሐይዋ ወደ ተራራው ዘንበል ስትል ነው» አለኝ። «አምባሰሉን ጀምረን ነበር። ውይ እትዬ፣ እንዴት ብሎ ይጫወት እንደነበር! እኔ ወደ ሕዝቡ ዞሬያለሁ። ከኋላዬ ጊታሩ ተቆረጠ። ዞር ስል ቀይዋ በርታለች። እሱም እንደ ልማዱ ተቀምጧል፤ ጊታሩን አቅፎ፣ አንገቱን ደፍቶ። ማይኬን አወረድኩ። ሰዉም ዝም አለ።»

«አዛን ሰማህ?»



«እትዬ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ» አለኝ። «ወንድምሽ ሰማ ማለት እኔም ሰማሁ ማለት ነበር። ጆሮዬን ለእሱ ትቼለት ኖርኩ።»

መስጊዱ ያለው ከገደሉ ማዶ ነው። ነፋሱ ወደዚያ ሲነፍስ ድምፁ አይደርስም፤ ወደዚህ ሲነፍስ እዚህ የተባለ ይመስላል። ከበሮ መቺውን አስጠየቅሁት፤ የሰማ መስሎት ነበር። ሌሎችም መስሏቸው ነበር። ክርስቲያኖቹ ሙስሊሞቹ ሰምተዋል አሉ። ሙስሊሞቹ እሱ ሰምቷል አሉ። ዳስ ሙሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ነበር፤ ልጆቹም ዝም ብለው፣ አሳላፊዎቹም ትሪ እንደያዙ ቆመው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በስተመጨረሻ ለጎረቤቱ «ዛሬስ አዛኑ ረዘመ» ብሎ አንሾካሾከ፤ አጠገቡ ያሉት ሳቃቸውን ዋጡ። ከሙሽራዋ አክስቶች አንዷ ናት ውሃ ልታቀብለው ሄዳ ትከሻውን የነካችው።

የእኛ ሰዎች ክፋት የለባቸውም። ሌላ አገር ቢሆን አንድ ሰው ቀና ሳይል ሲቀር ይሮጡለት ነበር። የእኛ ሰው አከበረው። አክብሮ ዝም አለለት፤ በዝምታው መሐል ሄደ። ያ ቁልፍ ባይኖር ኖሮ የሚለው ሐሳብ ሲመጣብኝ ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው ብዬ እዘጋዋለሁ። ስሰግድ ተዘግቶ ይቆያል፤ አሰላምቼ ስጨርስ ተመልሶ ይከፈታል።

ሳጥኑን ለእናቴ አመጡላት። ጎረቤት ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። የወይራዎቹ መርገጫዎች ደኅና ናቸው። ዜሮዋ ዙሪያ ግን ቀለበቷ የለችም፤ ባዶ የብሎን ቀዳዳ ብቻ ነው የሚታየው። ፎቶውን አሳድጌ አሳድጌ አየሁት፤ ሲያድግ ይደበዝዛል። ቀለበቷ ቀደም ብላ ወልቃ ከነበረ ቀዳዳው ዝጎ፣ አቧራ ጠጥቶ መሆን አለበት። ያን ቀን እሱን ሲያነሱት ተረግጣ ተገንጥላ ከሆነ ጠርዙ ገና ያብረቀርቃል። እናቴን በስልክ ለመንኳት።

«እማዬ፣ ቀዳዳውን በጣትሽ ዳብሺልኝ። ይሻክራል?»

ዳበሰችው መሰለኝ። ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ብረት ነው ልጄ» አለችኝ። «ብረት ምን ይናገራል።»

ደግሜ አላስቸገርኳትም። ልጇ የነካውን ነገር ስትዳብስ ነው ያዋልኳት።

ለምን ይህን ሁሉ እንደምጠይቅ ልናገር። አዛን ከነበረ፣ ወንድሜ የሄደው ለአዛን ብሎ ዝም እንዳለ ነው፤ ለእኔ በገባልኝ ቃል ላይ ሆኖ ነው፤ ይህ ይበቃኛል። አዛን ካልነበረ፣ ቀለበቷም ቦታዋ ከነበረች፣ እግሩ ተሳስቶ አልገባባትም። ነይቶ ነው የረገጣት። አንድ ነገር መጥቶበት፣ አውቆት፣ ጊታሩን አስቁሞ ለራሱ ጸጥታ ጠይቋል ማለት ነው፤ ሸሃዳውን፣ የእምነቱን ቃል፣ ለማለት የምትበቃ ትንፋሽ ነበረችው ማለት ነው። ይህም ይበቃኛል። ሦስተኛውን ነው የምፈራው። ቀለበቷ ቀድሞ ወልቃ፣ እሱ በድንገት ሞንታርቦው ላይ ተዝለፍልፎ፣ የተንሸራተተው እግሩ ነክቷት ከሆነ። ያኔ ዘፈኑ ከእጁ ተነጠቀ እንጂ እሱ አልተወውም፤ ምንም ሳይል፣ በጨዋታው መሐል ሄዷል። አላህ የልብን ያውቃል፣ ምሕረቱም ከእኔ ጭንቀት ይሰፋል፤ ይህን ሳልረዳ ቀርቼ አይደለም። ግን እህት ነኝ። ተነስቼ ስሰግድ ለእሱ ምን ብዬ እንደምለምን ማወቅ እፈልጋለሁ።

የሠርጉን ቪዲዮ ላኩልኝ። ቪዲዮ አየሁ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም፤ በረመዳን ዋዜማ ነበር። ወንድሜ አለ፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ትንሽ ከስቷል። እግሩ አይታይም። ካሜራ ያዡ ጨዋ ሰው ነው መሰለኝ፣ ቀይዋ ስትበራ ካሜራውን ከሰዎቹ ላይ አንስቶ ወደ ተራራው አዞረው። ተራራው ብቻ ነው ያለው፣ ፀሐይ የነካው። እኔ የምፈልገው ደግሞ ድምፁን ነበር፤ ያችን ጊዜ፣ ነፋሱን፣ ከማዶ የሚመጣ ነገር ካለ። ድምፁ ግን የለም። ቪዲዮውን ያሰናዱት ልጆች ዝምታው ክፍተት መስሏቸው ሰርዘው በላዩ የሠርግ ዘፈን ጭነውበታል። ዋናውን ቅጂ ጠየቅሁ፤ ካርዱ ላይ ሌላ ሠርግ ተቀርጿል።

በዚያ ዳስ የነበራችሁ ወገኖቼ፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ዝም ስላላችሁለት አላህ ይስጣችሁ፤ ማንም ጥፋት አለብኝ ብሎ እንዳይጨነቅ። የምለምናችሁ ነገር ትንሽ ናት። ከሞንታርቦው ፊት የነበራችሁ፣ ከእንጨቶቹ በአንደኛው ዙሪያ የጎበጠች ሽቦ አይታችሁ እንደሆነ አስታውሱልኝ። ግቢውን የጠረጋችሁ፣ ግማሽ ቀለበት የምትመስል ሽቦ አግኝታችሁ ከሆነ፣ ቆሻሻ ናት ብላችሁ ጥላችኋት ቢሆን እንኳ፣ አግኝተናት ነበር በሉኝ።

አዛን የሰማችሁም ንገሩኝ። ያልሰማችሁም እንዳልሰማችሁ ንገሩኝ። ኀዘንተኛን ማጽናናት ልማዳችን መሆኑን አውቃለሁ፤ ለእኔ ብላችሁ «ሰምተናል» አትበሉኝ።

ቀይዋ ስትበራ ስልኩን አውርዶ መቅረጹን ያላጠፋም ካለ፣ መሬቱን ይሁን የኪሱን ጨለማ የቀረጸ፣ እባካችሁ አታጥፉት። ሥዕሉ ይቅርብኝ። ያችን ዝምታ እንዳለች ላኩልኝ፤ በጆሮዬ ልስማት።